ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ አሁንም ይጻፋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ደብረ ብርሃን ከምትኖር አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ልጄ ሰባት ዓመት ሞላው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ቤታችን ልደቱን አከበርንለት። 19 ልጆች መጡ፤ 12ቱ የክፍል ጓደኞቹ፣ የቀሩት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ስጦታውን ማታ ስንከፍት ማን ምን እንዳመጣ ተቀላቀለብን። አንዳንዱ ገንዘብ በፖስታ ሰጥቷል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በቴሌብር ላከች። እናቴ ከሰላ ድንጋይ ድፎ ዳቦና ቆሎ በአገልግል ልካለች። ለሁሉም የምስጋና ወረቀት ይጻፍ ብዬ ልጁን አስቀመጥኩት። ሁለት ጽፎ አለቀሰ፣ እኔም ተውኩት። እናቴ ደግሞ ነገሩን ስትሰማ ‹ምስጋና በወረቀት? አፍ የለንም እንዴ?› አለችኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ። ሁለት ልጆች ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት፣ ለነሱ ምን ተብሎ ይጻፋል? አሁን ብልክስ ሰው አይስቅብኝም?»

እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ለቁም ነገር ያብቃልሽ።

እኔ 17 ዓመት ከትንንሽ ልጆች ጋር ነው የሠራሁት። መጀመሪያ አጸደ ሕፃናት፣ በኋላ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን። የልደት ምስጋና ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን እንደ ትንሽ ነገር አይቼው አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ማንም አይስቅብሽም። ላኪው።

ሰው ከዘገየ በኋላ ማመስገን የሚያሳፍረው፣ የሚደርሰው ሰው «እስካሁን የት ነበረች?» የሚል ስለሚመስለው ነው። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ፍርሃት ፈትነውት ውጤቱን በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ሰዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ጸሐፊዎቹን «ሲደርሰው ምን የሚሰማው ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ደብዳቤው የደረሳቸውን ሰዎች ራሳቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ «ግር ይለዋል» ብለው የፈሩት ከእውነቱ በልጦ ተገኘ፤ የሰውየውን ደስታ ደግሞ አሳንሰው ነበር የገመቱት። አንቺም አሁን ያለሽው እዚያው ፍርሃት ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ወረቀቱን በይቅርታ አትጀምሩት። «ስለዘገየሁ» የሚለውን ልጅ አይጽፈውም፣ ያነበበው ልጅም አይገባውም። ሰባት ዓመት ለሆነው ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ የጓደኛው ወረቀት እጁ ሲገባ፣ ያ ቅዳሜ እንደገና መጣለት ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንባ እንሂድ።

«አመሰግናለሁ» ሰባት ፊደል ነው። በጣትሽ ቁጠሪው። ለ19 ልጅ ሲሆን 133 ፊደል ይመጣል፣ ያውም ለአንዲት ቃል ብቻ። ስሙ አለ፣ የጓደኛው ስም አለ፣ «ስላመጣህልኝ ስጦታ» አለ። ሰባት ዓመት ማለት ብዙ ልጆች ፊደልን ከነዘሩ ገና እያጠነከሩ ያሉበት ጊዜ ነው። እርሳሱን ጨምቆ ነው የሚይዘው፣ ከሦስት አራት መስመር በኋላ ጣቱ ይዝላል። የደብረ ብርሃንን የጥር ማታ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አዋቂም እጁን ከጋቢው ለማውጣት ይሰንፋል። ሌላም ነገር አለ። እኛ መምህራን ልጅ ሲያጠፋ ምን እናደርግ ነበር? «ሁለተኛ አልረብሽም ብለህ ሃምሳ ጊዜ ጻፍ» እንለው ነበር። እንግዲህ አንድን ዓረፍተ ነገር 19 ጊዜ እንዲጽፍ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ልጅ ምን ይሰማዋል? ቅጣት ነው የሚመስለው። ያለቀሰው ውለታ ስለማያውቅ አይደለም። ምስጋናው ከቅጣት ጋር ስለተመሳሰለበት ነው።

ስለዚህ አስቀድመሽ ሥራውን ቀንሺለት። በቀን ሦስት ብቻ። ሦስት በስድስት ቀን 18 ነው፣ የቀረችዋን አንዷን እሑድ ከቁርስ በኋላ። በሳምንት አለቀ። የቤት ሥራውን እንደጨረሰ ሳይሆን ትንሽ ተጫውቶ ሲመለስ አስቀምጪው፣ አንቺም አጠገቡ ሆነሽ ሽንኩርትሽን ክተፊ ወይም ልብስሽን እጠፊ። ብቻውን አታስቀምጪው፣ ልጅ ብቻውን ሲቀመጥ ሥራው ያድግበታል።

ሁለተኛ፣ ስዕል ይሳል፣ ጽሑፉ አንድ መስመር ይሁን። ይህን የምልሽ ስዕል ስለሚቀል ብቻ አይደለም። በ1938 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ውስጥ ፍራንሲስካ ባውምጋርተን-ትራመር የምትባል ተመራማሪ ልጆችን ሁለት ነገር ጠይቃ ነበር፣ «ከሁሉ አብልጠህ የምትመኘው ምንድን ነው?» እና «ያንን ለሰጠህ ሰው ምን ታደርግለታለህ?» ብላ። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የመለሱት እነሱ ራሳቸው የሚወዱትን ነገር እንደሚሰጡት ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ ሰጪው ምን ቢደረግለት ደስ ይለዋል ብለው ወደማሰብ ይሄዳሉ። ሌሎች ተመራማሪዎችም በኋላ ይህንኑ ጥያቄ በሌሎች አገሮች ደጋግመው ጠይቀውታል። ይህ ለአንቺ ምን ይጠቅማል? የሰባት ዓመት ልጅ ምስጋናውን በሚወደው ነገር ነው የሚከፍለው። የሚወደው ሲኖትራክ ከሆነ ለሁሉም ሲኖትራክ ይሳል። ለሴቷም፣ ለአክስቱም፣ ለአያቱም። «ለሷ አበባ ነው የሚሳለው» ብለሽ አታርሚው። ያ ሲኖትራክ ከልቡ የወጣ ነው፣ አበባው ግን የአንቺ ነው።

ስለ ማረም ካነሳሁ አይቀር፣ «አመሰግናለው» ብሎ ይጽፋል። በ«ሁ» ፋንታ «ው»። አዋቂውም እንዲህ የሚጽፍበት አገር ላይ ነን፣ እኔን ያመኛል፣ በጠመኔ ስንት ዓመት አርሜዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ተይው። ላጲስ አታንሺ። ክፍል ውስጥ ይታረማል። ጓደኛው የሚፈልገው የልጅሽን እጅ ነው እንጂ የአንቺን ፊደል አይደለም። አንቺ ጽፈሽ እሱ ከስር ስሙን ብቻ የሚያስቀምጥበት ወረቀትማ፣ ዕድሜው አራት አምስት ሲሆን ጥሩ ነበር። አሁን አልፎታል።

ምን ይጻፍ? ይኸው የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ እናቶች ሲያጽፉ የማየው «ስላመጣህልኝ ስጦታ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ነው። ይህ ደረሰኝ ነው። ዕቃው እንደደረሰ ያረጋግጣል፣ ስለ ሰጪው ምንም አይልም። ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው ቢሰጥ ማንም አያውቅም። አንቺ ልጁን ጠይቂው፣ «ይሄ ልጅ የዚያን ቀን ምን ሲያደርግ ትዝ ይልሃል?» በዪው። ዝም በዪና ጠብቂ። ይነግርሻል። «ፊኛ ስናፈነዳ ጆሮውን ያዘ።» «ኬኩ ላይ ያለውን አበባ ለኔ ሰጠኝ።» «ጫማዋ ጠፍቶ አብረን ፈለግን።» እሷን ጻፍ በዪው። እሷ ብቻ በቂ ናት። ስጦታውን ካወቀው ደግሞ ምን እንዳደረገበት ይጨምር። «መኪናዋ ግድግዳ ላይ ትወጣለች።» «ሹራቡ አይኮሰኩስም።» አንድ ተማሪዬ ለጓደኛው የጻፈውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ «ከለሩ ቢጫው አልቋል» የምትል ነበረች። ቢጫው ያለቀው በሳምንቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አለ? ሰጪው ልጅ ወረቀቷን ይዞ በረንዳው ላይ እየሮጠ ለሁሉም ሲያሳይ ነበር።

ማን ምን እንዳመጣ የተቀላቀለውን እንዲህ ፍቺው። ስጦታዎቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግተሽ ልጁን ጠይቂው። ልጆች በዚህ ከኛ ይሻላሉ፣ የአሻንጉሊቱን ዋጋ አያውቁም እንጂ ከማን እጅ እንደተቀበሉት አይረሱም። ቀጥሎ ስልክሽን ክፈቺ። የዕለቱ ፎቶና ቪዲዮ ላይ ልጆቹ ሲገቡ የያዙትን መጠቅለያ ቀለም ታያለሽ፣ መጠቅለያውም እስካሁን ተጣጥፎ የሆነ ቦታ ይኖራል። የቴሌብሩ ቀላል ነው፣ የላኪው ስም ከነቀኑ መልእክቱ ላይ አለ። እዚህ ሁሉ ደርሰሽ ያልታወቀ ከቀረ፣ አትገምቺ። እናቶቹንም ደውለሽ «ልጅሽ ምን ነበር ያመጣው?» ብለሽ አትጠይቂ። ኳስ ላመጣ ልጅ «ስለ ከለሩ» ብሎ መጻፍ ልጁን ያስከፋዋል፣ ያመጣው ነገር እንዳልታየ ይቆጥረዋል። ስጦታውን ሳታነሱ ያንን የዕለቱን ትዝታ ብቻ ጻፉለት። ምንም አይጎድለውም።

ባዶ እጃቸውን ወደመጡት ሁለት ልጆች ልምጣ። ጥያቄሽን ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

ከዓመታት በፊት አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ አንድ ልጅ ከልደቱ በኋላ ሰኞ ጠዋት ካርዶች ይዞ መጣ። እናቱ አሳምራ ነበር ያዘጋጀችው፣ ሪባን ሁሉ ነበረው። «ቲቸር ላድል?» አለኝ። «አድል» አልኩት፣ ለማን ለማን እንደሆነ ሳላይ። ልጁ በየወንበሩ እየዞረ ያድል ጀመር። አንዲት ልጅ፣ ልደቱ ላይ የነበረች፣ ወረቀቱ እሷ ጋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። አለፋት። «አንቺ አላመጣሽም» አላት። በክፋት አይደለም የተናገረው፣ ቤት ውስጥ እንደዚያ ነበር የተቆጠረው። ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ ወደ ሹራቧ ኪስ መለሰችው። አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት የተጠራችበት ልደት ሁሉ ላይ ቀረች። እናቷን ሳገኛት «ሆዴን አመመኝ እያለች ትቀራለች» አለችኝ። እናትየዋ ምክንያቱን አታውቀውም ነበር፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ያን ዕለት ካርዶቹን ተቀብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ አይደርስባትም ነበር። ዛሬም ልደት በተባለ ቁጥር ያቺ እጅ ናት ትዝ የምትለኝ።

ስለዚህ ለሁለቱም ይጻፋል። ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ስዕል፣ በርዝመትም እኩል። ስለ ስጦታ ምንም አይነሳም። «ትልቁን ፊኛ የነፋኸው አንተ ነህ። እንደገና ና።» አለቀ። ልጁ «እሱ ምንም አላመጣም እኮ» ካለሽ፣ «መጥቶ አብሮህ ተጫወተ አይደል?» በዪው። ረጅም ምክር አያስፈልገውም። ልብ በይ፣ ለሁሉም ወረቀት የዕለቱን ትዝታ አስቀድሙ ያልኩሽም በዚሁ ምክንያት ነው። 17ቱ ወረቀቶች ስለ ዕቃ ብቻ ቢያወሩ፣ የሁለቱ ተነጥሎ ይታወቃል። ሁሉም ስለዚያ ቅዳሜ ካወሩ ግን ማን ባዶ እጁን እንደመጣ ከወረቀቱ ላይ ማንም አያነበውም።

ገንዘቡ። በፖስታ የሰጡትን ብሩ ስንት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አትጻፉ። ልጁ ምን እንደሚያደርግበት ይጻፍ፣ «ኳስ ልገዛ ነው» ወይም «ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ።» እስኪገዛ አትጠብቁ፣ ሐሳቡ ይበቃል። ፖስታውን ያመጣው ልጅ ስለሆነ ወረቀቱ ለልጁ ይሁን፣ እናቱን አንቺ በቃልሽ አመስግኛት። ለእህትሽ ግን አዲስ አበባ ድረስ ወረቀት መላክ አይጠበቅብሽም። ልጁ በራሱ ድምፅ በቴሌግራም ያውራላት፣ ስዕሉንም ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። አንቺ ከጀርባ ሆነሽ «አክስቴ በል፣ አመሰግናለሁ በል» እያልሽ ግን አይሁን፣ ይሰማል።

እግረ መንገዴን፣ የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ፣ የስጦታዎቹን ፎቶ እዚያ አትለጥፊ። «ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ብሎ ከስር ትልቁ ብስክሌት የሚታይበት ፎቶ አይቻለሁ። እርሳስና ደብተር የላከችው እናት ያንን ፎቶ በምን ዓይን እንደምታየው አስቢው። ልጆቹ ሲስቁ የተነሳ ፎቶ ካለሽ እሱን ላኪ። ያም ቢሆን ወረቀቱን አይተካውም፣ ለሁሉም የተባለ ነገር ለማንም እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው።

አሁን እናትሽ። እናትሽ እውነት አላቸው፣ ግን በግማሽ።

በእኛ አገር ምስጋና በአፍ ነው፣ ያውም በምርቃት። «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ያክብርልኝ»፣ «ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን» እያልን ነው ያደግነው። ለአንድ ሽማግሌ ወረቀት በፖስታ አድርጎ መላክ እንደ መራቅ ሊታይ ይችላል፣ «ልጄ ከኔ ጋር መነጋገር ተወች ወይ» የሚያሰኝ ነገር። ደግሞ እናቶቻችን ብዙዎቹ ልደታቸውን አክብረው አያውቁም። «ለጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት ነው የተወለድሽው» ተብለው ያደጉ ናቸው፣ ዓመቱንም ላያውቁት ይችላሉ። የልደት ካርድ ለነሱ ከሩቅ የመጣ ነገር ነው።

ግን ደግሞ፣ ልጅ ሥሎ ለሰው መስጠት ከሩቅ አልመጣም። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች አበባውን፣ ፀሐዩን፣ መልአኩን በከለር ሥለው በየቤቱ አይዞሩም? እናትሽስ ስንቱን ተቀብለው፣ ሳንቲም ሰጥተው፣ መርቀው አልሸኙም? ያንኑ ነው የምናደርገው። «ወረቀት» አትበያቸው፣ «ልጁ እንደ እንቁጣጣሽ ሥሎልሻል» በያቸው። ወዲያው ይገባቸዋል።

አካሄዱም የኛ ይሁን። መጀመሪያ ስልክ። ልጁ ራሱ ይደውል፣ ዳቦውን ማን ማን እንደበላው ይንገራቸው፣ ቆሎው ስንት ቀን ኪሱ ውስጥ እንደቆየ ይንገራቸው። ዳቦው ሄዶ መበላቱን መስማት ለጋገረ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ አገልግሉ። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ አንቺም ታውቂያለሽ። ስኳርም ይሁን ቡና፣ የፈለግሽውን አድርጊበት፣ ከላይ ግን የልጁን ስዕል አጥፈሽ አስቀምጪ። እናትሽ አገልግሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ይሁን።

የኔ አማት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ማንበብ አይችሉም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ላይ ለላኩላት ባና እንዲህ ያለ ስዕል ልካላቸው ነበር፣ ከስሩ «እምዬ ሌሊት አይበርደኝም» የሚል ጽፋ። ግድግዳው ላይ ከፎቶዎቹ ጎን ሰቀሉት። ሄጄ ሳይ ወረቀቱ ጥጉ ጥጉ ተበልቷል። ለካ ተማሪ በመጣ ቁጥር አውርደው «አንብብልኝ» ይሉታል። የጎረቤት ልጅ ያነብላቸዋል፣ የቄሱ ልጅ ያነብላቸዋል፣ እህል ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር ያነብላቸዋል። የቀበሌው ሰው ሁሉ ልጄ ሌሊት እንደማይበርዳት ያውቃል። ይህን የምነግርሽ ለደስታው ብቻ አይደለም፣ ሥራም አለበት። ማንበብ ለማይችል ሽማግሌ ስትጽፉ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንደሚያነበው አስባችሁ ጻፉ። ገንዘብ አይነሳበት፣ የቤት ጉዳይ አይነሳበት፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና በአፍ የሚጥም ይሁን። ልጁ አያቱን ቤት ውስጥ በሚጠራበት ስም ይጀምር። «እምዬ» ካላት «እምዬ» ነው፣ «ውድ አያቴ ሆይ» ብላችሁ ልጁን የማያውቀው ቋንቋ ውስጥ አትክተቱት። አንቺ የሚላት ከሆነ «አንቺ»፣ እርስዎ ከሆነ «እርስዎ»።

የምትረሳ አንዲት ረድፍ ደግሞ አለች። ስጦታ ያላመጡ፣ ግን ዕለቱን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ወንበር ያዋሱ፣ ብርጭቆ ያዋሱ፣ ፈንድሻውን የፈነደሹ፣ ልጆቹ ሲያጨማልቁ ከኋላ እየተከተሉ የወለወሉ። እነሱ ወረቀት አይጠብቁም። ግን ብርጭቆውን ስትመልሺ አንቺ ብቻ አትመልሺ፣ ልጁ ሁለቱን ይያዝ። በሩ ላይ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይበል። ቡና ስታፈዪም ጥሪያቸው፣ እዚያው ቡናው ላይ «ያንን ቀን አንቺ ባትኖሪ» ብለሽ ለእያንዳንዷ በስሟ ንገሪያት። ለነሱ ወረቀቱ ያ ነው።

ሲያልቅ እንዴት ይሰጥ? ለክፍል ጓደኞቹ 12ቱም ወረቀት በአንድ ቀን ይሂድ። ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሦስት እየተደረገ ከተሰጠ ያልደረሰው ልጅ ቀሪ ነኝ ብሎ ያድራል። ክፍል ውስጥ በይፋ አይታደል፣ ልደቱ ላይ ያልተጠሩ ልጆችም እዚያ አሉ። አስተማሪዋን ቀድመሽ አነጋግሪያት፣ ወደ ቤት ሲወጡ በየቦርሳው ታስገባላቸው። የጎረቤቶቹን ልጁ ራሱ እየሮጠ ያድርስ። የሱን ቅዳሜ ከሰዓት ስጪው፣ ለሱ ይሄኛው ጨዋታ ነው።

ወረቀቱ ምን ይሁን ብለሽ አትጨነቂ። ከደብተር መካከል የወጣ አንድ ሉክ ለሁለት ተቆርጦ ይበቃል። የታተመ ካርድ መግዛት አልመክርሽም፣ የታተመው ቃል ቦታውን ይሞላውና ልጁ የሚለው ያጣል።

ለከርሞ አንድ ነገር ብቻ። ስጦታ እንግዳ ፊት አለመክፈታችን ጨዋነት ነው፣ አልቃወመውም፣ ግን መቀላቀሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሠርግ ላይና ለቅሶ ላይ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ አይደል? ልደት ላይ እንዲያ አይደረግ። አንዲት የእህት ልጅ በሩ ላይ ትቁምና ስጦታውን ያመጣውን ልጅ ስም በስክሪፕቶ መጠቅለያው ላይ ትጻፍ፣ ይኸው ነው። ደብተር ከተያዘ ዋጋ ይጻፍበታል፣ ዋጋ ከተጻፈ ደግሞ «እሷ ይህን ያህል ስላመጣች እኔም ያንኑ ልመልስ» ይመጣል፣ የልጆቹ ልደት የእናቶች ዕቁብ ይሆናል። ይህን በአንድ ሰፈር ሲሆን አይቼዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ልደት መላክ አቆሙ።

እያለቀሰ የጻፋቸውን ሁለቱን ወረቀቶች ጥለሻቸው ካልሆነ አውጫቸው። እንደገና አታስጽፊው። ጀርባው ባዶ ነው፣ እዚያ ላይ ሲኖትራኩን ይሳልበት። ሦስት በቀን ያልኩሽን ዛሬ ማታ በነዚያ ሁለቱና በእናትሽ ጀምሩት፣ ሰላ ድንጋይ የሚሄድ ሰው ድንገት ብታገኚ አገልግሉ ዝግጁ ይሁን።